ፓርቲ ያልነበረው ምክር ቤት ወገን አልነበረውምን?

ስለ ቀድሞው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በተማሪዎች የሚጻፉትን ጥናቶች ያነበበ ሰው አንድ አሳብ ደጋግሞ ያገኛል። በዚያ ዘመን የፖለቲካ ፓርቲ ስላልነበረ የአባላቱን አሰላለፍ መመርመር አያስፈልግም ተብሎ ጉዳዩ በአንድ መስመር ይታለፋል። ከዚህም አልፎ አንዳንድ ጓደኞቻችን ፓርቲ የሌለበት፣ በሹመት የሚቆም የሽማግሎች ምክር ቤት ዛሬም ቢኖረን ይጠቅመናል ይላሉ። እኛ ግን ይህን አሳብ ለመቀበል ይቸግረናል።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የመወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ በመስፍንነት፣ በሚኒስትርነት፣ በዳኝነት ወይም በጦር አለቅነት ለረጅም ጊዜ ካገለገሉት መኳንንት መካከል እንዲመርጡ አዝዞ ነበር። የሕግ መምሪያው አባላትም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ በመኳንንቱና በሹማምንቱ እንዲመረጡ ተደረገ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መምሪያውን ለሕዝብ ምርጫ ሰጠ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ እ.ኤ.አ. በ1957 ተካሄደ። መወሰኛው ግን በሹመት እንደ ነበረ ቀረ። የአባላቱ ቍጥር ከመምሪያው እኩሌታ እንዳይበልጥ፣ ዘመናቸው 6 ዓመት እንዲሆን፣ ዕድሜያቸውም ከ35 ዓመት እንዳያንስ ተወሰነ። (ይህን ከምንጽፈው መካከል አንዳችንም ለወንበሩ አንበቃም ነበር።) የመምሪያው ሰዎች ፕሬዚዳንታቸውን ከመካከላቸው ሲመርጡ፣ የመወሰኛውን ፕሬዚዳንት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ።

እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባው፣ መምሪያውም ቢሆን ፓርቲ እንዳልነበረው ነው። ሁለቱን ቤቶች የለያያቸው ወንበሩን የሰጠው እጅ ነበር እንጂ የፓርቲ መኖርና አለመኖር አልነበረም። 6ቱ ዓመት ሲያልቅ ሹመቱን የሚያድሰው ወይም የሚነሣው ያው የሰጠው እጅ ከሆነ፣ አባሉ ሲናገር ወደ ማን እያየ እንደሚናገር ለማወቅ ብዙ ምርምር አያሻም።

የፕሬዚዳንቶቹን ታሪክ ብቻ ማየት ይበቃል። የልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ልጅ አሥራተ ካሣ የመወሰኛው ፕሬዚዳንት ነበሩ። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1964 ኤርትራን እንዲያስተዳድሩ ሲሾሙ፣ እስከዚያው ድረስ ኤርትራን ያስተዳድሩ የነበሩት ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ ወደ መወሰኛው መጡ። ጄኔራሉም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ባል የነበሩ ናቸው። የአንድ ጠቅላይ ግዛት አገረ ገዥና የአንድ ሕግ አውጭ ቤት ፕሬዚዳንት ቦታ የሚለዋወጡ ከሆነ፣ መንግሥቱ ሁለቱን ሥራዎች እንደ ምን እንዳያቸው ግልጽ ነው፤ ሁለቱም ሹመት ነበሩ።

ዋናው ፈተና ግን የመሬት ጉዳይ ነበር። በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. ከእኛ የቀደሙት ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው ሄደዋል። ከጉለሌ ተነሥቶ በስድስት ኪሎ በኩል ወደ አራት ኪሎ የሚወርድ ሰው ያንኑ ባለ ሰዓት ሕንፃ ዛሬም ያየዋል። የባለ ርስቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት የሚወስነው ረቂቅ ግን ዘውዱ እስኪወርድ ድረስ ሕግ ሆኖ አልወጣም። ለዚህ መወሰኛው ብቻ ይወቀስ አንልም። መምሪያውም የባለ መሬቶች ቤት ነበር፤ ለእጩነት ንብረት ይጠየቅ ነበርና። የሆነ ሆኖ በሁለቱም ቤቶች ውስጥ አንድ ጥቅም ያሰባሰባቸው ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ይህ ስም ያልወጣለት ፓርቲ ካልሆነ ምን ይባላል? የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲወጣ ያወጣው ደርግ ነበር፤ ሁለቱም ቤቶች በዚያው ዓመት መስከረም 2 ቀን ተዘግተዋል። ሁለቱ የቀድሞ ፕሬዚዳንቶችም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት መካከል ነበሩ።

ፓርቲ ያለበት ሁለተኛ ቤትስ? የዛሬው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ሕገ መንግሥቱን ይተረጕማል እንጂ ሕግ አውጭ አይደለም፤ አባላቱንም የክልል ምክር ቤቶች ይመርጣሉ ወይም በሕዝብ ያስመርጣሉ። ለእያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ ወንበር ተመድቧል። ነገር ግን በ2007 ዓ.ም. ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ የተወካዮችን ምክር ቤት 547 ወንበሮች በሙሉ ሲይዙ፣ የክልሎቹም ምክር ቤቶች ከሞላ ጐደል በእነዚሁ እጅ ነበሩ። ስለዚህ ወንበሩ የብሔረሰብ ቢሆንም ላኪው አንድ ነበር።

በካናዳ 105 ወንበሮች ያሉት ሴኔት በሹመት የሚቆም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የሊበራል ፓርቲ መሪ የፓርቲያቸውን ሴናተሮች ከፓርቲው የፓርላማ ጉባኤ አስወጥተዋቸው ነበር። እዚያ ሰው ፓርቲውን መልቀቅ የቻለው መጀመሪያ ፓርቲው ስለ ታወቀ ነው፤ በእኛ መወሰኛ ግን ማንም ከምንም ወገን ሊለቅ አይችልም ነበር፤ የተጻፈ ወገን አልነበረምና።

ስለዚህ የመወሰኛውን አሰላለፍ ለማጥናት የሚነሡ ጓደኞቻችን የፓርቲ ሠንጠረዥ ባያገኙ አይቁሙ። እያንዳንዱ አባል ከሹመቱ በፊት የት ይሠራ እንደ ነበር፣ በየትኛው ጠቅላይ ግዛት ስንት ጋሻ መሬት እንደ ነበረው፣ ከማን ጋር እንደ ተጋባ ይቍጠሩ።