የ«ር» ዋጋ፦ አክሰንትና መደብ በዴንቨርና በኦሮራ

በዴንቨርና በኦሮራ በሚኖረው ሐበሻ ዘንድ ስለ እንግሊዝኛ አክሰንት ሲነሳ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንደበት ጉድለት ይታያል። ፈረንጅን መስሎ የሚናገር የተማረ፣ በሐበሻ ቃና የሚናገር ግን ገና የሚቀረው ሰው ይባላል። ይህ ፍርድ ስህተት ነው። አክሰንት ክብር የሚያገኘው ወይም የሚያጣው በድምፁ ባሕርይ ሳይሆን በተናጋሪው መደብ ነው፤ ለዚህም «ር» ብቻዋን በቂ ምስክር ናት።

የሥነ ልሳን ተመራማሪው ዊልያም ላቦቭ እ.ኤ.አ. በ1962 በኒው ዮርክ ሦስት መደብሮች እየዞረ ሻጮቹ «ፎርዝ ፍሎር» ብለው እንዲመልሱ የሚያደርግ ጥያቄ ጠየቀ። በውዱ ሳክስ ከመቶ 62ቱ፣ በመካከለኛው ሜሲስ 51ዱ «ር»ን ሁልጊዜ ወይም አንዳንዴ አሰሙ፤ በርካሹ ክላይን ግን 20 ያህሉ ብቻ። በዚያው ዘመን በለንደን «ር»ን መዋጥ የጨዋ ልጅ ምልክት ነበር። በኒው ዮርክም ቢሆን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የከበሬታው አነጋገር «ር»ን የሚውጠው ነበር። ድምፁ ያው ነው፤ የተገለበጠው ዋጋው ነው።

አሁን ወደ ኦሮራ እንምጣ። አማርኛ «ር»ን አይውጥም፤ ስለዚህ አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው «ፎርዝ ፍሎር» ሲል ሁለቱም «ር» ጥርት ብለው ይሰማሉ። በላቦቭ ቆጠራ ይህ ሰው ከሳክስ ሻጮች ተርታ ይሰለፍ ነበር። «የእኛ ‹ር› ምላስ ላይ ትመታለች፣ የአሜሪካኖቹ ግን አትመታም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን «ቬሪ» በሚለው ቃል መካከል ምላስን መታ ማድረግ የድሮ የእንግሊዝ ባላባቶች አነጋገር መለያ ነበር። ከባላባት አፍ ሲወጣ ወግ የተባለው ድምፅ ከታክሲ ነጂ አፍ ሲወጣ ጉድለት ይባላል፤ ይህ ያሳፍራል፤ የሚያሳፍረው ግን ነጂውን አይደለም።

ጠንካራው ተቃውሞ የመግባባት ጉዳይ ነው፤ ነርስና ሐኪም በትክክል መደማመጥ አለባቸው። ይሁን እንጂ ተመራማሪው ዶናልድ ሩቢን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ጥናት ለአሜሪካውያን ተማሪዎች አንድ የአገሬው ተወላጅ ድምፅ ቢያሰማቸው፣ የእስያዊት ሴት ፎቶ ያዩት ባዕድ አክሰንት ሰማን አሉ፤ የተረዱትም አነሰ። ዴንቨሮች ራሳቸው «cot» እና «caught» በሚሉት ቃላት ውስጥ ይለዩ የነበሩትን አናባቢዎች አዋህደዋል፤ ክፍል ገብተው እንዲታረሙ ግን ማንም አይጠይቃቸውም። ለመግባባት የሚጨነቅ አስተማሪ «ር»ን ትቶ የቃል አጽንኦት የሚያርፍበትን ቦታ፣ «ship»ን (መርከብን) ከ«sheep» (ከበግ) የሚለየውንም አናባቢ ያስተምር። እነዚህ ሲሳቱ በእርግጥ ትርጉም ይጠፋል፤ ምላስ ላይ የምትመታ «ር» ግን ከመግባባት እምብዛም አታግድም።