የሌላውን ቃል መሸከም

በእስራኤል፣ በገዴራ ከተማና በአካባቢዋ፣ በኩፓት ሆሊም (በጤና መድን ድርጅት) ክሊኒክም ሆነ በሆስፒታል፣ በሐኪሙና ከኢትዮጵያ በመጣው ታማሚ መካከል ተቀምጠን የምናስተረጉም፣ በዚህ አገር አጠራር «መጋሼር» የምንባል ሰዎች ሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የልሳን ቅልጥፍናን የሚሻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን አማርኛንና ዕብራይስጥን አጥርተው የሚያውቁ ወጣቶች ሥራውን ትተው ሲሄዱ፣ ዕብራይስጣቸው መካከለኛ የሆነ ደግሞ ለረጅም ዘመን በሕዝብ ታምነው ሲኖሩ አይቻለሁና፣ ዋነኛው ስንቅ ጽናትና ምስጢር ጠባቂነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጽናት የምለው የከበደውን ቃል ሳያቀልሉ ማድረስን ነው። በልማዳችን መርዶ እንደ ተሰማ ወዲያው አይነገርም፤ ሽማግሌዎች ተመካክረው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ይነገራል እንጂ፤ ጽኑ ደዌም የሆነ እንደ ሆነ ለልጆች ይነገራል እንጂ ለታማሚው ለራሱ መግለጽ ጭካኔ ሆኖ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የእስራኤል የታማሚ መብት ሕግ ግን ስለ ሕመሙ ማወቅና ለሕክምናው ፈቃድ መስጠት የታማሚው የራሱ መብት እንደ ሆነ ይደነግጋል፤ ሐኪሙ ነገሩን ሊሰውር የሚችለው መነገሩ ብርቱ ጉዳት እንደሚያመጣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲያጸድቅለት ብቻ ነው። እንግዲህ ልጅ በደጃፍ ቆሞ «እባክህ ወንድሜ፣ ለእናቴ ካንሰር የሚለውን ቃል አታንሣባት» ብሎ ሲማጸን፣ አስተርጓሚው ምሕረት ያደረገ መስሎት የሐኪሙን ቃል ቢያለዝበው፣ እናት የማያውቁትን ሕክምና ፈቅደው ይፈርማሉ። መልካሙ መንገድ ወደ ክፍሉ ከመግባት በፊት ልማዱን ለሐኪሙ ማስረዳት፣ ልጆቹ አብረው እንዲቀመጡ፣ ጊዜም እንዲሰጥ፣ እማማም ምን ያህል ማወቅ እንደሚወዱ እንዲጠየቁ መለመን ነው፤ ከዚያ በኋላ የተነገረውን እንደ ተነገረ ማድረስ ግዴታ ነው።

ምስጢር መጠበቅ ደግሞ በእንዲህ ያለች ትንሽ ከተማ ይከብዳል። በሻፒራ ሰፈር ጎረቤት ከጎረቤት ይተዋወቃል፤ ጠዋት ያስተረጎምኩላቸውን አባት ማታ በልቅሶ ቤት፣ ወይም በሰግድ በዓል አገኛቸዋለሁ፤ «አባባ እንዴት ሆኑ፣ ሐኪሙ ምን አላቸው?» የሚለኝም ሰው የሚጠይቀኝ በክፋት ሳይሆን በፍቅር ነው። አርአያችን ሩቅ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ሳለን የቤተ እስራኤል ቄስ የነፍስ አባት ሆነው የሰሙት ኑዛዜ ከእርሳቸው ጋር ይቀር ነበር።

ይህን አጥብቄ የምለው ስለ ሽማግሌዎቻችን ነው። የታማሚ መብት ሕግ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ በጥር ወር፣ ኢትዮጵያውያን የለገሱት ደም በስውር ሲጣል እንደ ኖረ በታወቀ ጊዜ ብዙ ሺህ ሕዝብ በኢየሩሳሌም ለተቃውሞ ወጣ፤ ቁስሉ ያልሻረላቸው አረጋውያን ዛሬም የደም ምርመራ ሲታዘዝላቸው «ልጄ፣ ደሜን ምን ሊያደርጉት ነው?» ይላሉ፤ ለተቋሙ የነፈጉትንም እምነት ለአስተርጓሚው አደራ ይሰጡታል።

የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ለታካሚው እንዲያቀርቡ እ.ኤ.አ. በ2011 መመሪያ እስኪያወጣ ድረስ፣ በብዙ ቤት የወላጆቹ አስተርጓሚ ትምህርት ቤት የገባው ልጅ ነበር፤ ያ ሕፃን ሊሸከመው የማይገባውን ተሸክሟል። ዛሬ ለሙያው የሚታጭ ሰው የሚፈተነው በቃላት ብዛት ብቻ ባይሆን እወዳለሁ፤ የቅርብ ዘመዱ ታሞ እንዲያስተረጉም ቢታዘዝ ምን እንደሚያደርግ ይጠየቅ፤ «ለባልደረባዬ አሳልፌ እሰጣለሁ» የሚለውን እኔ አስቀድሜ እመርጠዋለሁ።