«እሺ» ማለት ማመን አይደለም

ሞያሌ በኬንያ በኩል ችሎት ውስጥ አማርኛን ወደ ስዋሂሊ እመልሳለሁ።    ክሱ ለተከሳሹ ሲነገረው በእኔ አፍ ያልፋል።

ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሻገር የመጣ አንድ ወጣት ቀረበ። ክሱ ያለ ፈቃድ ኬንያ ውስጥ መገኘት ነው፤ ቅጣቱ እስከ 500,000 ሽልንግ ወይም እስከ 3 ዓመት እስራት፣ አለዚያም ሁለቱም። «እውነት ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ «እሺ ጌታዬ» አለ። እኔም «ንዲዮ» አልኩ። መዝገቡ ላይ «እውነት ነው» ተብሎ ተጻፈ።

ልጁ እናቱ ስትጠራውም «እሺ» ነው የሚለው። ሰምቻለሁ ማለቱ እንጂ አምኛለሁ ማለቱ አልነበረም። ኋላ ሳነጋግረው የሐዲያ ልጅ ነበር፤ አማርኛው ከገበያ የለቀማት ናት። ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የኬንያ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 348 ጥፋቱን ያመነ ሰው በቅጣቱ መጠንና ሕጋዊነት ላይ ካልሆነ በቀር ይግባኝ እንዳይል ይከለክላል። ስለዚህ ጠበቃው የሚመታው የእምነት ቃሉን ራሱን ነው፤ ቃሉ ጥርት ያለ አልነበረም ይላል። መሣሪያው እ.ኤ.አ. የ1973ቱ «አዳን ከሪፐብሊክ» ፍርድ ነው። የወንጀሉ ፍሬ ነገሮች ሁሉ ተከሳሹ በሚያውቀው ቋንቋ ይብራሩለት፤ መልሱ በተቻለ መጠን በራሱ ቃል ይጻፍ፤ ዐቃቤ ሕግ ዝርዝሩን ሲያሰማ «እዚህ ላይ አልስማማም» የሚልበት ዕድል ይሰጠው፤ ካልተስማማ ክዷል ተብሎ ይመዝገብ ይላል። ይግባኝ ሰሚው ዳኛ ወረቀቱን እንጂ የልጁን ፊት አያይም። የቋንቋው ስም ካልተጻፈ፣ አስተርጓሚ መኖሩ ካልተመዘገበ፣ ፍርዱ ሊፈርስ ይችላል።

ግን ስንቱ እዚያ ይደርሳል? ይግባኙ በ14 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ማርሳቢት ነው፣ ወደ 250 ኪሎ ሜትር። ጠበቃ የሌለው ልጅ ቅጣቱን ጨርሶ ድንበሩን ተሻግሮ ይመለሳል፤ መዝገቡ እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ አሁን «እሺ» ሲሉኝ «እሺ»ን አልተረጉምም። ዳኛውን አስፈቅጄ «እሺ ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ «ቤታችሁ በምን ትነጋገራላችሁ?» እላለሁ። የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ለተከሳሹ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ይገባዋል ሲል ኢትዮጵያዊ ለሆነ ሁሉ አማርኛ ይበቃዋል አላለም።

በቅርቡ አንዱ «ሀዲይሳ» አለኝ። ለዳኛው ነገርኩ፤ እንደዚያው ተጻፈ፣ አስተርጓሚ እስኪገኝም ተቀጠረ።