«ውክልና» ሁለት ሰው ይሻል

በበይነ መረብ የሚመሠረቱትን ያልተማከሉ ማኅበራት ደንብ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች የድምፅ «ዴሌጌሽን»ን «ውክልና» ይሉታል። የሳንጃ ገበሬ ለሙግቱ ወንድሙን ቢወክል ወካይም ተወካይም አሉ፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ውክልናን የሁለት ወገን ውል ያደርገዋል። በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው የኮምፓውንድ ማኅበር የድምፅ ሥርዓት ግን ባለ ድርሻው ድምፁን ለሌላ ወይም ለራሱ ካልመደበ ድርሻው አይቆጠርም። እንግዲህ ትርጉሙን አምኖ «ማንንም አልወከልሁም፤ ራሴ እመርጣለሁ» ብሎ የተቀመጠ ሰው ድምፁን ያጣል። «ራሱን ወከለ» ብንል ያለ ጠበቃ የቆመ ተከራካሪ ይመስላል። «እንደራሴ»ም አያወጣንም፤ «እንደ ራሴ» የሚባለው ሌላው ነውና። እኔ «ድምፅ ማሳረፍ» እላለሁ፤ በራስም በሌላም ላይ ያርፋል፤ ባለቤቱ ሲሻ ያነሣዋል። ቃሉ በትርን ያስታውሳል ለሚሉኝ፣ አልክድም።