ወደብ የሌለው ሰፋሪ

ባለፈው እሁድ እህቴ ቤት ስደርስ ሦስቱ ልጆቿ በአንድ ጨዋታ ዙሪያ ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። ካታን ይባላል፤ ጀርመናዊው ክላውስ ቶይበር ፈልስፎት እ.ኤ.አ. በ1995 ለገበያ የቀረበ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ከውጭ የላከችላቸው አክስታቸው "ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ አንድ ላይ ያስተምራል" ብላ ነበርና እስቲ ልየው ብዬ አራተኛ ሆኜ ገባሁ። ተሸነፍኩ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ትችት ቂም አለበት ብትሉኝ አልቀየምም።

አጨዋወቱ ከባድ አይደለም። 19 ባለስድስት ጎን ካርቶኖች ተገጣጥመው ደሴት ይሆናሉ። ጫካው እንጨት፣ ኮረብታው ጡብ፣ ግጦሹ ሱፍ፣ እርሻው ስንዴ፣ ተራራው ማዕድን ይሰጣል፤ በረሃው ምንም። ሁለት ዳይስ ተወርውሮ ቁጥሩ የወጣለት መሬት ዳር ቤት የሠራ ሰው ምርቱን ያፍሳል። 10 ነጥብ ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ።

እኔ ደጋ ወዳድ ነኝ። ተራራና ስንዴ የሚገናኙበት መሃል ላይ ጥሩ ቁጥር አይቼ ሰፈርኩ። ስንዴው እንደ ጉድ ገባ። ጡብ ግን የለኝም፤ ያለ ጡብ ደግሞ መንገድም ቤትም አይሠራም። ወደብ የሌለው ሰው ከባንኩ አንድ ጡብ ለማግኘት አራት ስንዴ ይከፍላል። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ የስንዴ ወደብ ይዟል፤ እሱ በሁለት ያገኛል። "ጋሼ፣ ለባንኩ አራት ከምትከፍል ለኔ ሦስት ስጥና ጡቡን ውሰድ" አለኝ። ደስ ብሎኝ ሰጠሁት፤ አመሰገንኩትም! ተራው ሲደርስ በሁለቱ ስንዴ ሌላ ጡብ ተካ፤ አንዷ ተረፈችው።

ያቺ አንድ ስንዴ ስንት ዓመት ከተማርኩት በለጠችብኝ። እኛ ስንማር ጂኦግራፊ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ኢኮኖሚክስ ሌላ ክፍለ ጊዜ ነበር። አንዱ መምህር አሰብን በካርታ ላይ ነጥብ አድርጎ ያሳየናል፤ ሌላው "የትራንስፖርት ወጪ" ብሎ ትርጉሙን ያጽፈናል። ሁለቱ የሚገናኙ መሆናቸውን የነገረን የለም። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነስቶ አሰብን መጠቀም ስናቆምና ንግዳችን ወደ ጅቡቲ ሲዞር እንኳ፣ እኔ የሰማሁት የፖለቲካ ወሬ አድርጌ ነው። የስኳርና የነዳጅ ዋጋ ውስጥ ያቺ አንድ ስንዴ እንዳለች አልታየኝም።

ምስጋናው ይኸው። አሁን ወደ ቂሜ።

የካታን ደሴት ሰው የለባትም። ቀድሞ የደረሰ ቤቱን ያስቀምጣል፣ አለቀ። የሚነሳ ገበሬ፣ የሚጠየቅ ካሳ፣ ድንበር የገፋ ጎረቤት፣ ጭሰኛም ባለርስትም የለም። አፈሩም በጎርፍ አይታጠብም፤ ያው ማሳ እስከ ጨዋታው መጨረሻ ስንዴ ሲያበቅል ይኖራል። ተማሪው በ1957 ዓ.ም. "መሬት ለአራሹ" ብሎ አደባባይ በወጣበት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ በተደረገበት አገር፣ ይህን ብቻ ለልጅ ማስተማር ዋናውን ምዕራፍ ቀድዶ መጽሐፉን መስጠት ነው።

"ጨዋታ ነው፣ አታክብደው" የሚለኝ አይጠፋም። አሜሪካዊቷ ኤሊዛቤት ማጊ ግን አክብዳው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 "የባለርስቱ ጨዋታ" ለተባለ ፈጠራዋ የባለቤትነት መብት ያወጣችው የመሬት ኪራይ አንዱን እያበለጸገ ሌላውን እንዴት እንደሚያራቁት ለማሳየት ነው። ከእሷ ሐሳብ የተወለደው ሞኖፖሊ በ1935 በፓርከር ብራዘርስ በኩል ገበያ ሲወጣ የዓለም ልጆች የተማሩበት ሌላውን አክስሮ መሳቅን ነው። ስለዚህ ካታንን ክፍል የሚያስገባ መምህር ካለ፣ ከጨዋታው በኋላ ያለችውን ግማሽ ሰዓት አያስቀርብኝ። "ስንዴህን ማን ወሰደው? ለምንስ አመሰገንከው?" ብሎ ይጠይቅልኝ።

ካርቶኑን ስንሰበስብ ትንሿ ልጅ "ጋሼ፣ እኛ ሳንመጣ ደሴቷ የማን ነበረች?" አለችኝ። ወንድሟ የመመሪያውን ወረቀት አገላበጠና "አልተጻፈም" አላት። እንደገና ደረደርነው። እኔ በዚህኛው ዙር በቀጥታ ወደ ወደቡ ሮጥኩ፤ ለካ እሷ ቀድማኛለች።