ስለ «ሜትሮፖሊስ» የማስታወቂያ ሥዕል

ፍሪትዝ ላንግ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1927 በበርሊን ላሳየው «ሜትሮፖሊስ» ለተባለው ሲኒማ ሃይንትዝ ሹልትዝ ኖይዳም የሠራው የማስታወቂያ ሥዕል፥ አንዱ ቅጂ በ2005 በ690,000 ዶላር ተሸጧል። ይህም በመንገድ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ዝናም እንዲመታው የታተመ ወረቀት ነበር!

ሥዕሉስ በእውነት ያማረ ነው፤ ከብረት የተሠራች ሴት ፊት ለፊት ቆማ፥ ከበስተኋላዋ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ይታያሉ። ነገር ግን ከምድር በታች የሚደክሙት ሠራተኞች በውስጡ የሉም። በሲኒማው ማርያ የምትባለው ልጅ የባቢሎንን ግንብ ታሪክ የምትነግረው ለእነዚሁ ነው፤ የነገሩም ልብ በዚያ ይገኛል። ሥዕሉን ገዝቶ በሣጥን የቈለፈ ሰው እንግዲህ ግንቡን ያለ ግንበኞቹ ይዟል። ወዳጆቹን ጠርቶ ሲኒማውን ቢያሳያቸው፥ ሠዓሊው የተዋቸውን ባዩ ነበር፤ ተቈርጦ ጠፍቶ የነበረው ክፍል አብዛኛው በ2008 በቦነስ አይረስ ተገኝቷልና።