ዘፈኑ ትንቢት አልነበረም

ሕዝብ የወደደውን ዘፈን ሁሉ «ርካሽ» ብሎ መጣል በመካከላችን የተለመደ ነው። በሽያጭ አንደኛ ከወጣማ አለቀለት! እስቲ ይህን ፍርድ «ዊዛውት ዩ» በተባለው የእንግሊዝኛ ዘፈን ላይ እንሞክረው። ርዕሱ «ያለ አንቺ» እንደ ማለት ነው።

የደረሱት የባድፊንገር ባንድ አባላት ፒት ሃምና ቶም ኢቫንስ ናቸው። ስንኙ የሃም፣ አዝማቹ የኢቫንስ ነው፤ ሁለት ያላለቁ ዘፈኖች ተገጣጥመው አንድ ሆኑ። መጋጠሚያው ዛሬም ይሰማል፤ የዘፈኑም ጉልበት እዚያው ላይ ነው። ስንኙ መለየቱን ተቀብሎ አንገቱን የደፋ ሰው ነው፤ አዝማቹ ግን «አልቀበልም» ብሎ ይጮኻል። ፍቅሩን ያጣ ሰው እንዲህ አይደል? ጠዋት «ይሁን» ያለውን ማታ ይክደዋል።

ባንዱ በ1970 እ.ኤ.አ. «ኖ ዳይስ» በተባለው አልበም ሲያወጣው፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ለብቻው በሸክላ አልታተመም። በ1971 አሜሪካዊው ሃሪ ኒልሰን እንደገና ዘፈነው። በፒያኖ ታጅቦ በለሆሳስ ይጀምርና አዝማቹ ላይ ሲደርስ ድምፁን ይለቀዋል፤ መጋጠሚያውን አልሸፈነም፣ ገለጠው እንጂ። በ1972 በአሜሪካ አራት፣ በእንግሊዝ አምስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። በ1994 ማራያ ኬሪ ዘፍናው በእንግሊዝ ዳግመኛ አንደኛ ወጣ። የእሷ ድምፅ ያስደንቃል፤ ዳሩ ግን ከኋላዋ የሚያጅቧት ድምፆች ብቸኝነቱን ይቀሙታል።

ስለዚህ ዘፈን ሲወራ «ደራሲዎቹ ሞታቸውን አስቀድመው ዘፈኑት» የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ ሃም በ1975፣ ኢቫንስ በ1983 ራሳቸውን አጥፍተዋል። አሳዛኝ ታሪክ ነው፤ ሂስ ግን አይደለም። ሃም በተወው ማስታወሻ የወቀሰው የባንዱን ሥራ አስኪያጅ ነው እንጂ የከዳችውን ሴት አይደለም፤ የድካማቸው ዋጋ እጃቸው ሳይገባ ቀርቶ ነበር። ኢቫንስም ከመሞቱ በፊት የተጨቃጨቀው በዚሁ ዘፈን ገቢ ነው። የገንዘብን በደል «ዕጣ ፈንታ» እያልን ስናስጌጠው በዳዩን ነፃ እናወጣለን።

እንግዲህ የሽያጭ ሠንጠረዥ ስንት ሰው እንደገዛ ይነግረናል። ዘፈኑ መልካም ይሁን ክፉ አይነግረንም፤ ገንዘቡ የማን ኪስ እንደገባም አይነግረንም። የመጀመሪያውን በጆሯችን፣ ሁለተኛውን በውሉ ወረቀት መመርመር የእኛ ፈንታ ነው።